ስለተኛው መንገደኛ

በእኛ አገር ሰው ሩቅ መንገድ የሚሄደው በታወቀ ምክንያት ነው። ለቅሶ አለ። ሰርግ አለ። ንግድ አለ። ንግሥ አለ። «አገር ለማየት» የሚባል ምክንያት ግን የለም፤ እሱ የፈረንጅ ነው። ፈረንጅ ብቻውን ቦርሳ አዝሎ ሲዞር ቱሪስት ይባላል። ሐበሻ ብቻውን ሲዞር «ምን ሆኖ ይሆን?» ይባላል። ወይ ሚስቱን ፈቷል፣ ወይ የመሥሪያ ቤቱን ገንዘብ ይዞ ጠፍቷል።

እኔ ደግሞ ሐረርን ማየት አማረኝ። ብቻዬን። በአውቶቡስ ሄጄ፣ ከድሬዳዋ በአውሮፕላን ልመለስ።

ሌሊት 11 ሰዓት መናኸሪያ ተገኘሁ። ረዳቱ ትኬቴን አየና ከኋላዬ ሰው ፈለገ። «ሌላውስ?» አለኝ። «ሌላ የለም» አልኩት። ከላይ እስከ ታች አይቶኝ ቦርሳዬን ፖርቶመጋላ ላይ ወረወረው።

ከጎኔ ነጠላቸውን የተከናነቡ እናት ተቀመጡ። ገና ከአዲስ አበባ ሳንወጣ ስሜን፣ ሰፈሬን፣ ሥራዬንና የቤት ኪራዬን አወቁ። ኪራዩን ሲሰሙ አማተቡ። ከዚያ ወደ ዋናው ጉዳይ ገቡ።

«ሐረር ማን አለህ ልጄ?»

«ማንም የለኝም እማማ።»

«ታዲያ ምን ልታደርግ ነው?»

«እንዲሁ ላያት ነው።»

«ማንን?»

«ሐረርን።»

ዝም አሉ። ቆይተው ከፌስታላቸው ዳቦ ቆሎ ዘገኑና እጄ ላይ አፈሰሱልኝ። አሰጣጣቸው በሽተኛ እንደሚጠይቅ ሰው ነበር።

አዳማን አልፈን መተሐራ ስንደርስ ሙቀቱ መጣ። እዚህ ላይ ስለ መስኮት ሳላወራ ባልፍ ይቆጨኛል። መተሐራ፣ አዋሽ፣ ምኢሶ። ፀሐይዋ ጣሪያው ላይ ቁጭ ብላለች። አውቶቡስ ሙሉ ሰው ላቡ በጀርባው ይወርዳል። አንድ ወጣት ጨክኖ መስኮቱን ሁለት ጣት ያህል ከፈተ። «ኧረ ዝጋው! ንፋስ ሊመታን ነው!» የሚል ጩኸት ከአራቱም ማዕዘን ተነሣ። አንዱ ሰውዬማ ጆሮውን በፎጣ ጠቀለለ። ይህ ንፋስ እስከ ዛሬ ማንን ገድሎ እንደሆነ የሚነግረኝ አላገኘሁም፤ ግን ከወባ በላይ ይፈራል። የሹፌሩ መስኮት እንደ ልቡ ክፍት ነው። ሹፌርን ንፋስ ራሱ ይፈራዋል መሰለኝ።

እማማ በዚህ ሁሉ መሀል ሲያስቡ ኖሯል። አሰበ ተፈሪ ምሳ ላይ ደረሱበት።

«ገባኝ» አሉ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። «የቁልቢ ስለት አለብህ። ምን ያሳፍራል?»

አይ፣ እኔ እኮ ልል ስል እጄን ያዙኝ። «አትንገረኝ። ስለት ለሰው አይነገርም።» ይህን ብለው ሲያበቁ ለሰው ሁሉ ነገሩ። ወደ አውቶቡሱ ስንመለስ ያልሰማ አልነበረም። ከኋላ ወንበር አንድ ሰው ብቻ ተጠራጠረ፦ «ንግሡ ታኅሣሥ 19 ነው። አሁን ገና ጥቅምት አይደል እንዴ?» ሌላው ቀበል አድርጎ «የሐምሌ 19ኙም አልፏል» አለ። እማማ ዞር ብለው «ስለት ቀጠሮ አለው እንዴ?» አሉ። ጉዳዩ ተዘጋ።

ከዚያ በኋላ ኑሮዬ ተለወጠ። ዝም ብሎ መንገደኛ ሳለሁ ተጠርጣሪ ነበርኩ፤ ስለተኛ ስሆን የሁሉም ዘመድ ሆንኩ። ሙዝ መጣ። ብርቱካን መጣ። ያ ጆሮውን የጠቀለለው ሰውዬ ራሱ ተነሥቶ መስኮት ከፈተልኝ፤ ማንም ትንፍሽ አላለም። የጨርጨርን ተራሮች ስንያያዛቸው ደግሞ ብር መምጣት ጀመረ። «ለገብርኤል አድርስልኝ።» ሃምሳ፣ መቶ። አንዲት ተማሪ «ለማትሪክ» ብላ 20 ብር ሰጠችኝ። አንድ ሙስሊም አባትም ሳይቀሩ እጃቸውን ዘረጉ።

ቁልቢ ስንደርስ ረዳቱ በሩን ደበደበ። «ወራጅ አለ! ስለተኛው!»

እስከ ሐረር ከፍያለሁ የምልበት አፍ ከየት ይምጣ? የአውቶቡስ ሙሉ ሰው አደራ ኪሴ ውስጥ ነው። ሌሊት የተወረወረው ቦርሳዬ እንደ ዕቃ ቤት ብርጭቆ በሁለት እጅ ወረደልኝ። ራስ መኮንን ወዳሠሩት ቤተ ክርስቲያን ዳገቱን ወጣሁ፣ ብሩን ሙዳየ ምጽዋት ውስጥ ከተትኩ፣ ወረድኩ። ከዚያ በሚኒባስ፣ የአወዳይን የጫት ገበያ ግርግር ሰንጥቀን፣ ሐረር።

ጀጎል በር ላይ አንድ አስጎብኚ ሮጦ መጣ። «ፈረንጆችህ የት አሉ?» አለኝ። የለኝም ስለው አዘነልኝ።

የሰውን አገር ለማየት ምክንያት መፍጠር በእኔ እንዳልተጀመረ ያወቅኩት ግን እዚያው ነው። ሪቻርድ በርተን የተባለው እንግሊዛዊ እ.ኤ.አ. በ1855 ወደ ሐረር የመጣው የዓረብ ነጋዴ መስሎ ነው። ደጃፏ ሲደርስ ሐሳቡን ቀየረና «የእንግሊዝ መልእክተኛ ነኝ» አለ። ለአሚሩ ያቀረበውን ደብዳቤ ራሱ ነው የጻፈው። «ላያት መጣሁ» ቢል የትኛው ዘበኛ ያስገባው ነበር? ፈረንሳዊው ገጣሚ ራምቦም ቢሆን ግጥሙን ትቶ ቡና ነጋዴ ሆኖ ነው የኖረባት።

ከድሬዳዋ አውሮፕላን ስሳፈር እዚህስ ማንም አይጠይቀኝም ብዬ ነበር። በአውቶቡስ ቀኑን ሙሉ የፈጀው መንገድ አንድ ሰዓት ገደማ ነው። ግን ዙሪያዬን ሳይ ሰው ሁሉ አንገቱ ላይ ባጅ አንጠልጥሏል። የስልጠና ባጅ። ባዶ አንገት ያለኝ እኔ ብቻ ነኝ። ቀበቶ አስረን ሳንጨርስ ከጎኔ ያለው ባለ ሱፍ ዞረ።

«የየትኛው ቢሮ ነህ?»

አሁንማ ተምሬያለሁ። «ከፌደራል» አልኩ።

«አበል ገባላችሁ?»

«ገና ነው።»

«የኛም!» አለና እጄን ጨበጠኝ። ከስልጠናው የተረፈውን ብስኩት ከቦርሳው አውጥቶ ሰጠኝ፤ አዲስ አበባ እስክናርፍ ድረስ የፋይናንስ ሰዎችን አንድ ላይ ስናማ መጣን።