ክርክር፦ በሌዝቢያን የፍቅር ልቦለድ ውስጥ ጠቡም ይጻፍ?

ጥያቄው፦ ሁለት ሴቶች የሚዋደዱበት ልቦለድ ቅናቱን፣ ውሸቱንና መለያየቱን እንዳለ ማሳየት አለበት ወይስ የለበትም?

አለበት የምትለው

ሰሞኑን ያነበብኳቸው ልቦለዶች አንድ ዓይነት ሆኑብኝ። ሁለት ቆንጆ ሴቶች ይገናኛሉ፣ በአንዲት ትንሽ አለመግባባት ይኮራረፋሉ፣ ሃያ ገጽ ሳይሞላ ይታረቃሉ። የቤት ኪራይ የሚያስጨንቀው ሰው የለም። አንዲቱ ለእናቷ በስልክ «ከጓደኛዬ ጋር ነው የምኖረው» ስትል፣ ሌላዋ ወጥ ቤት ቆማ እየሰማች ያጠበችውን ሳሕን ደግማ ስታጥብ አላነበብኩም። እኔ የምፈልገው ያንን ሳሕን ነው። ያ ዝምታ ማታ አልጋ ላይ ምን እንደሚመስል፣ ከሳምንት በኋላ በወጡ ጨው ሰበብ እንዴት እንደሚፈነዳ ይጻፍልኝ።

መደበቁ ይጎዳል። አሜሪካዊቷ ደራሲ ካርመን ማሪያ ማቻዶ እ.ኤ.አ. በ2019 ባሳተመችው የትዝታ መጽሐፏ ከሴት ፍቅረኛዋ የደረሰባትን በደል ስትተርክ፣ ከእሷ በፊት ስለዚህ ጉዳይ የተጻፈው ምን ያህል ጥቂት እንደሆነ ታሳያለች። «ሴት ሴትን አትበድልም» የሚለው እምነት የተበዳይዋን አፍ ይዘጋል። ልቦለድ ይህን ካልደፈረ ማን ይደፍረዋል?

የለበትም የምትለው

እኅቴ፣ ሳሕኑን ይጻፉት። እኔን የሚያስፈራኝ ከሳሕኑ ቀጥሎ የሚመጣው ነው፤ የኋላውን ስለማውቅ። እ.ኤ.አ. በ1928 እንግሊዛዊቷ ራድክሊፍ ሆል ስለ ሴቶች ፍቅር የጻፈችው ልቦለድ ለንደን ላይ ፍርድ ቤት ቀርቦ እንዲወገድ ተፈረደበት። እ.ኤ.አ. በ1952 አሜሪካ ውስጥ ደራሲዋ ማሪጄን ሚከር ስለ ሁለት ሴት ተማሪዎች ፍቅር የጻፈችውን «ስፕሪንግ ፋየር»ን በብዕር ስም ስታሳትም፣ አርታኢዋ መጨረሻው ደስታ እንዳይሆን አስጠነቀቃት፤ ፖስታ ቤቱ መጽሐፉን ይይዝብናል ብሎ ነው። ስለዚህ ከሁለቱ ተማሪዎች አንዷ አእምሮዋ ታወከ፣ ሌላዋ ድሮም አልወደድኳትም አለች። አንባቢዎች ይህን ሲያነቡ የፍቅራቸው ዕጣ መሰላቸው። ያንን መጨረሻ የወሰነው ግን የሳንሱር ፍርሃት ነበር።

እኛ በ«ፍቅር እስከ መቃብር» ያደግን አንባቢዎች ለበዛብህና ለሰብለ ወንጌል አልቅሰናል። ከዚያ በኋላ ግን ሌላ መጽሐፍ ከፍተን ሲጋቡና ሲወልዱ እናነባለን። ሴትን የሚወዱ ሴቶች ግን ያንን ሌላ መጽሐፍ ለረጅም ዘመን ሲያጡት ኖረዋል። ታዲያ ዛሬ አንድ ደራሲ ጥንዶቹን አለያይቶ «እውነተኛ ሕይወት ነው» ሲለኝ እቆጣለሁ። ሃያ ዓመት አብረው ያረጁት ሴቶችስ ሕይወታቸው እውነት አይደለም? የፍቅር ልቦለድ የምትገዛ አንባቢ መጨረሻው እንደሚያምር ተማምና ነው ገንዘቧን የምታወጣው።

አለበት የምትለው

በሚከር ላይ የተፈጸመው ግፍ ነው። ግፉ ግን መጨረሻው በትእዛዝ መጻፉ ነው፤ ዛሬ ደግሞ ደስታው በትእዛዝ ሲጻፍ አያለሁ። በዚያው በ1952 ፓትሪሺያ ሃይስሚዝ በብዕር ስም ያወጣችውን «ዘ ፕራይስ ኦፍ ሶልት» ይመልከቱ። ካሮል ባሏን እየፈታች ነው፤ ፍቅረኛዋ ቴሬዝ ናት። ባል የቀጠረው መርማሪ ከሆቴል ክፍላቸው ድምፃቸውን ይቀዳል። ልጇን ልታጣ ስለሆነ ለቴሬዝ የስንብት ደብዳቤ ትልካለች። ከወራት በኋላ አብረን እንኑር ስትላት ቴሬዝ እምቢ ትላለች፤ ቂሟ አልወጣላትም። በመጨረሻው ገጽ ቴሬዝ ምግብ ቤት ገብታ ከሩቅ ስታያት፣ ካሮል እጇን አንስታ ሰላም ትላታለች። ያ ሰላምታ ልቤን የነካው ከዚያ በፊት የሆነው ሁሉ ስላልተደበቀኝ ነው።

የለበትም የምትለው

እኔም የምሟገተው ለዚያ ሰላምታ ነው። ለሃይስሚዝ ደብዳቤ የጻፉላት አንባቢዎች ያመሰገኗት ሁለቱ ሴቶች በሕይወት ተርፈው ስለተገናኙ ነበር። ቂሙንም መርማሪውንም ይጻፉት፤ እጇን የምታነሳዋን ሴት ግን አይውሰዱብኝ።