ድምፅን በሚቀዳ ዲስክ ላይ ማኖር ያዋጣል?

የመከራከሪያው ሐሳብ፦ «የድምፅ ፋይልን ለብዙ ዓመት ለማቆየት፣ አንድ ጊዜ ብቻ የሚቀዳበት ዲስክ (ሲዲ፣ ዲቪዲ ወይም ብሉሬይ) ዛሬም ቦታ አለው።»

ደጋፊ

ሃርድ ዲስክ ላይ የተቀመጠ ፋይል በአንድ የተሳሳተ ትእዛዝ ይጠፋል። ቫይረስ ከገባም ይቆለፋል፤ ሌላ ሰው ከፍቶ ጫፉን ቆርጦ «ሴቭ» ካለው ደግሞ ዋናው የለም። የሚቀዳ ዲስክ እንዲህ ያለ ጣጣ የለበትም። ሌዘሩ በዲስኩ ውስጥ ያለውን ቀለም በሙቀት ይለውጠዋል፣ የተለወጠው ቀለም ደግሞ ወደ ነበረበት አይመለስም። ተቀድቶ የተዘጋ፣ ማለትም ሌላ እንዳይጨመርበት የተደረገ ዲስክ ላይ ያለ ፋይልን ማንም በስህተት ሊያጠፋው አይችልም።

ዲስክ ከዳን የሚሉ ብዙዎች የቀዱት የሙዚቃ ሲዲ ነው። የሙዚቃ ሲዲና የዳታ ሲዲ ግን ለየቅል ናቸው። በሙዚቃ ሲዲ አንዱ ሴክተር (ዲስኩ የሚከፋፈልበት ትንሽ ክፍል) 2352 ባይት ሲሆን ሁሉም ድምፅ ነው። በዳታ ሲዲ ከዚያው ሴክተር ለፋይሉ የሚደርሰው 2048 ባይት ብቻ ነው፤ የቀረው 304 ባይት በአብዛኛው ለተጨማሪ የስህተት ማረሚያ ይውላል። ዋጋው ይታወቃል፦ እንደ ሙዚቃ 80 ደቂቃ የሚይዝ ሲዲ፣ በ16 ቢትና በ44.1 ኪሎኸርዝ የተቀረፀ ዌቭ (ያልተጨመቀ የድምፅ ፋይል) እንደ ዳታ ሲቀዳበት ወደ 69 ደቂቃ ዝቅ ይላል። ትርፉ ግን ይበልጣል። የሙዚቃ ሲዲ ሲጫር ማጫወቻው የጎደለውን በግምት ይሞላና ጆሮ ሳያውቀው ያልፋል። ዳታ ሲዲ ወይ ትክክለኛውን ይሰጣል ወይ ማንበብ አልቻልኩም ይላል። ለማኖር የሚፈለገው ይህ ሐቀኝነት ነው። ቦታ ካነሰ ወደ ፍላክ፣ ድምፅን ሳይጎዳ ወደሚያጭቅ የፋይል ዓይነት፣ መለወጥ ነው፤ ከድምፁ ምንም ሳይቀነስ ፋይሉ ብዙውን ጊዜ ወደ ግማሽ ይጠጋል።

አሠራሩም አይከብድም። መጀመሪያ ለእያንዳንዱ ፋይል በኤስኤችኤ-256 የሃሽ ቁጥር (ፋይሉ በጥቂቱ እንኳ ቢለወጥ አብሮ የሚለወጥ መለያ) አውጥቶ ዝርዝሩን ከፋይሎቹ ጋር ማስቀመጥ፤ በመካከለኛ ፍጥነት፣ ለሲዲ በ16 እጥፍ አካባቢ፣ በአንድ ጊዜ ቀድቶ ዲስኩን መዝጋት፤ ከዚያ አውጥቶ በሌላ ድራይቭ አስገብቶ ሃሹን ማመሳከር። የቀዳው ድራይቭ ራሱ የጻፈውን ማንበቡ ማስረጃ አይሆንም። በየጊዜው የሚጨመርበት ዲስክ ግን ለማኖሪያ አይሁን፤ አንዱ ክፍል በትክክል ሳይዘጋ ከቀረ የቀደመውም አብሮ ሊሰወር ይችላል።

ተቃዋሚ

እኅቴ «ማንም ሊያጠፋው አይችልም» ብለዋል። ሰው አያጠፋውም፤ ብርሃን፣ ሙቀትና እርጥበት ግን ያጠፉታል።

አንድ ሲዲ-አር (የሚቀዳ ሲዲ) በእጃችሁ ይዛችሁ ጎኑን ተመልከቱ። ውፍረቱ 1.2 ሚሊሜትር ነው፤ ከሞላ ጎደል ሁሉም ፖሊካርቦኔት ፕላስቲክ ነው። ቀለሙና የሚያንጸባርቀው የብር ንብርብር ያሉት ከላይ፣ ስም በምንጽፍበት ፊት ሥር ነው። የሚሸፍናቸው ከፀጉር የሳሳ ቫርኒሽ ብቻ ነው። ሰው ግን የሚጠነቀቀው ለታችኛው ፊት ነው! ከታች የተጫረ ሊወለወልና ሊነበብ ይችላል፤ ከላይ በእስክሪብቶ የተጫነ ግን ንብርብሩን ይሰረጉደዋል፣ እዚያ ላይ የነበረው ዳታም አለቀለት። ኃይለኛ ማሟሟያ ያለው ማርከር ቫርኒሹን ይበላል። የሚለጠፍ ወረቀት ደግሞ ከሁሉ የከፋ ነው፤ ሲላጥ ብሩን ይዞት ይነሣል፣ ባይላጥም ዲስኩ ሲሽከረከር ሚዛኑን ያዛባል።

ቀለሙም አንድ ዓይነት አይደለም። ሳያኒን ለብርሃን ስስ ነው፤ ፍታሎሳያኒን የተሻለ ይቆያል። ገዢው ግን በምን ያውቃል? በሳጥኑ ላይ ያለው ስም የአምራቹ ፋብሪካ ስም ላይሆን ይችላል፤ በአንድ ስም የሚሸጥ ዲስክ ዛሬ ከአንዱ፣ ነገ ከሌላው ፋብሪካ ይመጣል።

ከዚህ ሁሉ የሚያሳስበኝ ጉዳቱ በዝምታ መምጣቱ ነው። የስህተት ማረሚያው የሚያድገውን ጉድለት እየሸፈነ ይቆያል፤ ዲስኩ ዛሬ ያለ እንከን ይነበባል፣ ማረሚያው ከአቅሙ በላይ የሆነ ዕለት ፋይሉ አይከፈትም። የውስጡን የስህተት ብዛት ቆጥሮ የሚያሳይ ድራይቭ ጥቂት ነው፤ ስለዚህ አብዛኛው ሰው የሚያውቀው ካለፈ በኋላ ነው።

ብዛቱንም እናስላው። በ24 ቢትና በ96 ኪሎኸርዝ የተቀረፀ ስቴሪዮ ድምፅ በሰዓት 2 ጊጋባይት ገደማ ይወስዳል። 500 ሰዓት ያለው መዝገብ ከ1 ቴራባይት በጥቂቱ ይበልጣል፦ 1,400 ያህል ሲዲ፣ ወይም አንድ ሃርድ ዲስክ። 1,400 ሲዲ በየዓመቱ እያስገባ የሚፈትሽ ማን ነው? ያልተፈተሸ ቅጂ ደግሞ እንደሌለ ይቆጠራል።

ደጋፊ

ስለ ሲዲ-አር ያሉትን እቀበላለሁ፤ ለትልቅ መዝገብ አይሆንም። ወንድሜ የዘረዘሩት የላይኛው ፊት ድክመት ግን የሲዲ ነው እንጂ የዲስክ ሁሉ አይደለም። በዲቪዲ ዳታው እያንዳንዳቸው 0.6 ሚሊሜትር በሆኑ ሁለት ፕላስቲኮች መካከል ተጣብቆ ይገኛል። በብሉሬይ ደግሞ ከታችኛው ፊት 0.1 ሚሊሜትር ብቻ ይርቃል፤ ለዚህም ጠንካራ መከላከያ ይቀባል። ዋናው ቁም ነገር መደበኛው ባለ 25 ጊጋባይት ብሉሬይ ብርሃን የሚያደበዝዘው ቀለም የሌለው መሆኑ ነው፤ ሌዘሩ የሚጽፈው ኢ-ኦርጋኒክ በሆነ ንብርብር ላይ ነው። «ኤልቲኤች» የሚል የተጻፈበት ግን ተመልሶ ቀለም ነው፤ እሱን አለመግዛት ነው። የእርስዎ 500 ሰዓትም በ25 ጊጋባይቱ 42 ዲስክ ያህል ነው፤ በፍላክ ሲሆን ደግሞ በእጅጉ ያንሳል። ይህን መፈተሽ አያቅትም።

በዝምታ ለሚመጣው ጉዳትም መድኃኒት አለ። ዲስኩን እስከ ጠርዙ አለመሙላት። የሚቀዳው ከውስጥ ወደ ውጭ ነው፤ ስህተት የሚበዛውም በውጨኛው ጠርዝ ስለሆነ የመጨረሻውን አንድ አሥረኛ ባዶ መተው ይበጃል። ከድምፁ ጎን 15 በመቶ የሚሆን የፓር2 ማገገሚያ ፋይል ከተቀዳ፣ ከዲስኩ የተወሰነ ክፍል አልነበብ ቢል እንኳ የጠፋው ከቀረው ይሰላል።

በፊደላችን ስም ለምንሰጥ ሁሉ አንድ ማሳሰቢያ፦ የጥንቱ የዲስክ ፋይል አደራደር ሥርዓት፣ አይኤስኦ 9660፣ ከላቲን ፊደል፣ ከቁጥርና ከሥር ሰረዝ በቀር አያውቅም፤ የአማርኛ ስም በሥር ሰረዝ ተሞልቶ ይቀራል። ሲቀዳ ጆሊየት ወይም ዩዲኤፍ የተባሉትን ሥርዓቶች መምረጥ ያስፈልጋል፤ በጆሊየት ስሙ ከ64 ፊደል አይብለጥ።

ተቃዋሚ

በብሉሬዩ እንስማማ። ታዲያ ማን ያመርተዋል? እ.ኤ.አ. በ1988 ከሶኒ ጋር ሲዲ-አርን ያስተዋወቀው የጃፓኑ ኩባንያ ታይዮ ዩደን በ2015 መጨረሻ ከዲስክ ሥራ ወጣ። ሶኒም የሚቀዳ ብሉሬይ ማምረቱን በየካቲት 2025 አቁሟል። አዲስ ላፕቶፕ በአብዛኛው የዲስክ ድራይቭ ይዞ አይመጣም። ዲስኩ ሃምሳ ዓመት ቢኖር ማንበቢያው አብሮት ካልኖረ ምን ይረባል?

እኔ የምመርጠው መንገድ አሰልቺ ነው፣ ግን ይሠራል። በተለያየ ጊዜ የተገዙ ሁለት ሃርድ ዲስኮች፣ አንዱ ሌላ ሕንፃ ውስጥ፤ በዓመት ሁለት ጊዜ ሃሹን ማመሳከር፤ ከአምስት ዓመት በኋላ ሳይበላሹ ወደ አዲስ መገልበጥ። ፍላሽ ለዚህ አይሆንም፤ ኤሌክትሪክ ሳያገኝ ዓመታት ከተቀመጠ የያዘው ቻርጅ እየሸሸ ዳታው ይጎድላል።

አሮጌ ዲስክ በእጁ ያለ ሰው ደግሞ ዛሬውኑ ይጀምር፤ ቅድሚያውም ለሙዚቃ ሲዲ ይሁን፣ ያ 304 ባይት ስለሌለው። ንጹሕ ለስላሳ ጨርቅ ይዞ ከመሃል ወደ ጠርዝ በቀጥታ ይጥረገው፤ ዙሪያውን ማሸት በትራኩ መስመር ላይ ጭረት ስለሚፈጥር ለማረም የከፋ ነው። ሴክተሩን ደጋግሞ አንብቦ በሚያነጻጽር ሶፍትዌር፣ በዝቅተኛ ፍጥነት ያውጣው። አንዱ ድራይቭ እምቢ ያለውን ሌላው ሊያነበው ይችላልና ቢያንስ ሦስት ሳይሞክር ተስፋ አይቁረጥ።

ደጋፊ

በማዳኑ ሥራ ልዩነት የለንም። ሁለቱ ሃርድ ዲስኮችም ይኑሩ፤ እኔም የምጠይቀው ሦስተኛው ቅጂ ብሉሬይ እንዲሆን ነው። ሁለቱም ሃርድ ዲስኮች የተሳሳተውን ፋይል ታዝዘው ይገለብጣሉ፤ ዲስኩ ብቻ የመጀመሪያውን ይዞ ይቆያል። ስለ ማንበቢያው ያነሡት እውነት ስለሆነ የዩኤስቢ ድራይቭ ከነገመዱ ከዲስኮቹ ጋር በአንድ ሳጥን ይቀመጥ፤ ሃሹ በሚመሳከርበት ቀን እሱም ተሰክቶ ከየሳጥኑ ጥቂት ዲስክ ይነበብበት። ዲስኮቹ በየመያዣቸው ቀጥ ብለው ይቁሙ፣ ጨለማና ቀዝቀዝ ያለ ደረቅ ቦታ ይሁን። ወደ ሃርድ ዲስክ የተገለበጠ አሮጌ ሲዲም ቢሆን፣ ቅጂው ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ በጆሮ ሳይሰማ አይጣል።