ከብት የበላው ሁሉ ለሰው አይሆንም

ስለ እንጉዳይ ያወጣችሁት ጽሑፍ ጥሩ ነው። ግን «ከብት የበላውን እንጉዳይ ሰውም ይበላዋል» የሚለው እባካችሁ ይውጣ። ጎንደር ነው ያደግኩት። ክረምት ላይ እናቴ የምታስለቅመን የምታውቀውን የኩይሳ እንጉዳይ ብቻ ነበር። እግሩ እንደ ሥር ቀጥኖ ወደ ምስጡ ቤት ይወርዳል። ጫካ ውስጥ ያገኛችሁትን ግን ዝም ብላችሁ አትንቀሉ፤ ዙሪያውን በቢላ ቆፍሩት። እንደ ጃንጥላ ከተዘረጋው ራሱ ሥር እንደ መጽሐፍ ገጽ የተደረደረው ነጭ ከሆነ፣ አንገቱ ላይ ቀለበት፣ ግርጌው ላይ ከረጢት ካለው ኧረ ተዉት! አማኒታ የሚባለው ገዳይ እንጉዳይ እንዲህ ነው። መርዙ ቢቀቀልም አይጠፋም። ሕመሙ ብዙ ጊዜ ከ6 እስከ 12 ሰዓት ቆይቶ ነው የሚጀምረው። ከዚያ ትውከቱ ጋብ ሲል ሰው ዳነ ይባላል፤ ጉበቱ ግን ውስጥ ውስጡን እየተጎዳ ነው።