እርማት፦ ኢንፍራሬድን ወደ አረንጓዴ መቀየር ጉልበት መፍጠር አይደለም

ወዳጄ፣ «እነዚህ ናኖ ቅንጣቶች ደካማውን ኢንፍራሬድ (ለዓይን የማይታይ ብርሃን) ወደ ብርቱ አረንጓዴ ስለሚቀይሩ ከገባው የበለጠ ጉልበት ይሰጣሉ» ብለሃል። ብዙ ሰው እንዲህ ያስባል፤ ግን አይደለም።

እስቲ ሒሳቡን እንየው። ይተርቢየምና ኤርቢየም የተባሉ ብረቶች ያሉበት ቅንጣት 980 ናኖሜትር ኢንፍራሬድ ይውጣል። የአንዱ ፎቶን (የብርሃን እሽግ) ጉልበት 1.265 ኤሌክትሮን ቮልት (የጉልበት መለኪያ) ገደማ ነው። አንድ አረንጓዴ ፎቶን ለማውጣት ሁለት ኢንፍራሬድ ፎቶን ያስፈልጋል፤ ሁለቱ ሲደመሩ 2.53 ይሆናሉ። የሚወጣው አረንጓዴ ፎቶን ግን 2.3 ገደማ ነው። ቀሪው ሙቀት ሆኖ ይቀራል። አብዛኛው የገባ ብርሃንማ ጭራሽ አረንጓዴ ሳይሆን ይባክናል።

ታዲያ አረንጓዴውን ለማጉላት አጠገቡ የሚቀመጠው የመዳብ ሰልፋይድ ቅንጣት ምን ይሠራል? ያለውን ይሰበስባል። ውስጡ ያሉት ነጻ የኤሌክትሪክ ቻርጆች ከኢንፍራሬዱ ጋር አብረው ሲወዛወዙ ብርሃኑ በዙሪያው ይጠራቀማል። ሂደቱ ሁለት ፎቶን ስለሚፈልግ፣ ብርሃኑ እዚያች ቦታ እጥፍ ከሆነ አረንጓዴው እስከ አራት እጥፍ ሊደርስ ይችላል። ተአምር የሚመስለው ለዚህ ነው።

«ብርሃን እንዲህ መሰብሰብ የሚችሉት ወርቅና ብር ብቻ ናቸው» ያልከውም ልክ አይደለም። እንዲያውም ትናንሽ የወርቅ ሉሎች 520 ናኖሜትር አካባቢ ስለሚውጡ የምንፈልገውን አረንጓዴ ራሱን ይሻሙናል። መዳብ ሰልፋይዱም ቢሆን ከአብሪው ቅንጣት ጋር በጣም ከተጣበቀ ብርሃኑን ያጠፋዋል። በመካከላቸው ስስ የሲሊካ (መስታወት መሰል ነገር) ሽፋን የሚደረገው ለዚሁ ነው።