ብሎኑ ያልተፈታው ጄኔሬተር

ደብረ ማርቆስ ቡና ቤት ገብታችሁ የጄኔሬተር ወሬ አንሱ። አንዱ ደረቱን ነፍቶ «የኔው ከተገዛ ጀምሮ አንድ ብሎን አልተፈታለትም!» ማለቱ አይቀርም። ጠረጴዛው በአድናቆት ጸጥ ይላል። ይገባዋል። ዘይት ሳይቀይሩ ሦስት ክረምት መሻገር ቀላል ጀግንነት አይደለም። ጀግናው እርግጥ ሞተሩ ነው፤ ሙገሳው ግን ለባለቤቱ ይሁን።

ማንዋሉ እስካሁን ከነላስቲኩ ቁም ሳጥን ላይ ነው። አብዛኛው የትንንሽ ቤንዚን ጄኔሬተር ማንዋል የመጀመሪያውን ዘይት 20 ሰዓት ያህል ከሠራ በኋላ ቀይሩ ይላል። አዲስ ሞተር ሲፋተግ ብናኝ ብረት ዘይቱ ውስጥ ይገባላ። ከዚያ ወዲያ በየ100 ሰዓቱ ወይም በየ6 ወሩ። ሃያ ሰዓት! መብራት ሁለት ሦስት ቀን ከጠፋ እኮ አለቀ። ይህን የጻፈ ሰው ትዕግሥት የሚባል ነገር አልፈጠረበትም። እኛ ዘይት የምንቀይረው ሞተሩ ራሱ ሲጠይቅ ነው። ሞተር ደግሞ ጨዋ ነው፤ የሚጠይቀው አንዴ ብቻ፣ ያውም ነክሶ ሲቆም። አንዳንዱ ነገረኛ ጄኔሬተር ዘይት ሲያንሰው ራሱን የሚያጠፋ ሴንሰር አለው። ለእሱም መላ አለን፤ ሽቦውን ቆርጠን ዝም እናሰኘዋለን።

የቤንዚን አያያዛችንም ይወደስ። ከወር በላይ የተኛ ቤንዚን ይበላሻል፣ ሙጫ የመሰለ ነገር ትቶ የካርቡራተሩን፣ ማለትም የቤንዚንና የአየር ማቀላቀያውን፣ ቀጭን ቀዳዳ ይደፍናል ይባላል። ይባላል እንጂ ማን ያምናል? አረቄ ሲከርም እንደሚጣፍጥ አገር ያውቃል፤ ቤንዚን በምን ያንሳል? ከፋሲካ የተረፈውን ለመስቀል እናስነሳበታለን። ካልተነሳ ጥፋቱ የቻይና ነው።

የአየር ፊልትሮውን ነገር ሳላነሳ ባልፍ ግፍ ይሆንብኛል። ጤፍ በሚወቃበት ወራት እብቁ በነፋስ ከተማ ድረስ ይገባል። ፊልትሮውን ማጽዳት አንድ ነገር ነው። የኛ ሰው ግን አዛኝ ነው፤ «ታፍኗል» ብሎ ጭራሹን አውልቆ ይጥልለታል። ሞተሩ እፎይ ብሎ ይተነፍሳል። አቧራውንም አብሮ ይምጋል፤ ፒስተኑም፣ ፋሻ የምንለው የፒስተኑ ቀለበትም ድርሻቸውን ያገኛሉ።

በሂሳብም ማንም አይችለንም። ሞተር ከባሕር ጠለል ከፍ ባለ ቁጥር አየር ይሳሳበታል፤ በየ300 ሜትሩ ከጉልበቱ 3.5 በመቶ ያህል ይቀንሳል። ደብረ ማርቆስ ከ2,400 ሜትር በላይ ናት። 5 ኪሎ ዋት ብለን የገዛነው እዚያ ሲደርስ 3.6 ቢሰጥ ነው። የእንጀራ ምጣድ ብቻውን 3.5 ገደማ ይበላል። እኛ ግን ምጣዱን ሰክተን ፍሪጁን እንጨምርበታለን። ቴሌቪዥኑም አይቀርም፤ እንግዳ አለ።

አንድ ነገር ላይ ግን ሽሙጡ ይቅር። ዝናብ መጣ ብለው ጄኔሬተሩን ኮሪደር ወይም ማድቤት አስገብተው የሚያስነሱ አሉ። ጭሱ ውስጥ ያለው ካርቦን ሞኖክሳይድ አይሸትም፣ አይታይም፤ የተኛ ሰው ሳይነቃ ይገድላል። ከቤት ውጭ፣ ከመስኮትና ከበር ራቅ ብሎ፣ ዝናብ በማያገኘው መጠለያ ሥር ይሁን። ይኸው ነው። አሁን ወደ ውዳሴዬ።

ትልቁ ቀን የክርስትና ቀን ነው። ዳሱ ሞልቷል፣ መብራት ሄዷል። አባት ገመዱን ይጎትታል። አጎት ይጎትታል። ከሸበል በረንታ የመጣው እንግዳም እጅጌውን ሰብስቦ ይጎትታል። «የሰው ዓይን ነው» ይላሉ አያት ከውስጥ። በመጨረሻ መካኒክ ተለምኖ ይመጣል።

«ጋሼ፣ ይሄ ነገር ዘይት አለው?»

«ስገዛው ሞልተውልኝ ነበር።»

መካኒኩ አይስቅም። ይህን መልስ እየሰማ ነው ቤት የሠራው።

በየሰፈሩ ደግሞ አንድ ሥራ ፈት አይጠፋም። መብራት እያለ፣ በወር አንዴ ጄኔሬተሩን አስነስቶ ግማሽ ሰዓት ያህል አምፖልና ፍሪጅ ያሸክመዋል። ካጠፋው በኋላ ደልዳላ ቦታ ላይ አድርጎ የዘይቱን ልክ ያያል። ቤንዚኑን የሚለኩሰውን ካንዴላ ፈትቶ ይጠርጋል። የዘይት ቅያሪውን ቀን ግድግዳ ላይ በእርሳስ ይጽፋል። እንዴት ያለ ጭንቀታም ነው! መብራት የጠፋ ማታ ሁላችንም ቻርጀራችንን ይዘን እሱ ቤት እንሰበሰባለን። ሚስቱ ቡና ታፈላልናለች። ስልካችን እስኪሞላ ድረስ እናማዋለን፤ «ሰው እንዴት በደህና ቀን ለዘይት ብር ያወጣል?»