ይድረስ ለ«ከባድ ብርድ እየመጣ ነው፣ ይዘጋጁ» መልእክት፤ ባሉበት

ክቡር ሆይ፣

ለጤናዎ እንደምን ሰንብተዋል? እኔ ከኮርኒሱ፣ ከምንጣፉና ከግራ እጄ ሁለት ጣቶች በቀር፣ እግዚአብሔር ይመስገን፣ ደህና ነኝ። ሐሳቤን በግል ላደርስዎ ነበር። ግን ከግርጌዎ «ይህ ቁጥር ምላሽ አይቀበልም» የምትል መስመር ስላለች በአደባባይ ለመጻፍ ተገድጃለሁ። መናገር እንጂ መስማት አልተፈጠረልዎም።

በቅድሚያ ስለ አመጣጥዎ። ብርዱ እንደሚመጣ የትንበያ ባለሙያዎቹ ሳምንት ቀደም ብለው ተናግረዋል። መጀመሪያ «ሳይመጣ አይቀርም» አሉ፣ ቀኑ ሲቃረብ «ይመጣል» አሉ፣ ከዚያም ሰዓቱን ነገሩን። እርስዎ ከሕንፃችን አስተዳደር ተልከው ስልኬ ላይ የደረሱት ብርዱ በገባበት ሌሊት፣ ለዘጠኝ ሰዓት ሩብ ጉዳይ ሲሆን፣ የመኝታ ቤቴ መስኮት ከውስጥ በኩል በረዶ ከጋገረ በኋላ ነው። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ እንዳልል፣ ጅቡ ገና ቤት ውስጥ ነበር።

ያም ሆኖ ትእዛዝዎን አነበብኩ። ቧንቧዎን በቀጭኑ ያንጠባጥቡ፤ ከሲንኩ ሥር ያለውን ካቢኔት ከፍተው ይተዉ፤ ሞቅ ያለ ልብስ ይልበሱ። ሁለቱን ከመተኛቴ በፊት ፈጽሜያቸው ነበር። ለሦስተኛው ግን ምስጋናዬ ወሰን የለውም፤ እርስዎ ባይኖሩ በቲሸርት ልተኛ ነበር።

ጎህ ሲቀድ ኮሪደሩ ላይ አንድ ነገር ጧ አለ። በሬን ስከፍት ከደጄ በላይ ያለው ኮርኒስ እንደ እርጉዝ ሆድ ተነፍቶ አየሁት። ወዲያው ተቀደደና ውሃው ከነፍርስራሹ ወረደ። የተረፈው በበሬ ሥር ሰተት ብሎ ገባ። ሁለት ሱሪ ደርቤ፣ ብርድ ልብሱን በቀበቶ ታጥቄ፣ በአንድ እጄ ባልዲ በሌላው ፎጣ ይዤ ቆሜ ነበር የአስተዳደሩ ተወካይ የደረሰው። ጎረቤቶቼ ደረጃው ላይ ተደርድረዋል። ሊፍቱ እንደ ልማዱ ስለማይሠራ ደረጃው የሚመች መቀመጫ ነው።

ልጁ ትሑት ነው፤ እሱን አልወቅስም። ግን ቀና ብሎ ኮርኒሱን አላየም። ታብሌቱን አወጣ።

«ቧንቧዎን አንጠባጥበው ነበር?»

«አዎ።»

«ማስረጃ ይኖርዎታል?»

«የምን ማስረጃ?»

«ሲንጠባጠብ የሚያሳይ ፎቶ። ቪዲዮ ቢሆን ደግሞ ይመረጣል።»

ከላያችን ውሃው ይወርዳል። የእሱ ታብሌት ላስቲክ ለብሷል። እንግዲህ በዚያ ሕንፃ ውስጥ ለብርዱ በሚገባ የተዘጋጀው ብቸኛ ዕቃ ያ ታብሌት ነበር።

ሌሊት ተነስቼ የሚንጠባጠብ ቧንቧ ቪዲዮ የማንሳት ልማድ እንደሌለኝ አስረዳሁት። «እንግዲያው እንዴት አድርገው እንዳንጠባጠቡት ያሳዩኝ» አለ። ወደ ማዕድ ቤት ገባን። ከደረጃው ላይ የተወሰኑት ተከተሉን። የቧንቧውን መክፈቻ አዞርኩ፤ ቧንቧው ሽሽሽ ብሎ አየር ተፋና ዝም አለ። ዋናውን ቫልቭ ራሳቸው ገና አሁን ዘግተውታል። ልጁ ድምፁን ከፍ አድርጎ እየደገመ ጻፈ፦ «ተከራዩ … ማንጠባጠባቸውን … ማሳየት … አልቻሉም።»

«ውሃውን እኮ እናንተ ናችሁ የዘጋችሁት!»

«ልክ ነዎት። ቅጹ ላይ ግን ስለ ቫልቭ የሚጠይቅ ቦታ የለም።»

የጉዳቱ መንስኤ በሚለው ሥር ሦስት ምርጫ አለ፦ የተከራይ ቸልተኝነት፣ የተከራይ እንግዳ ቸልተኝነት፣ የተፈጥሮ አደጋ። አራተኛውን መቼም ሁላችሁም ታውቁታላችሁ፤ ስለምናውቀው ነው ያልተጻፈው። ቀጥሎ በጣቴ እንድፈርም ስክሪኑን አቀረበልኝ። ጣቴን ቆፈን ይዞታል፤ ስክሪኑ የሰው ጣት መሆኑን ሊያምን አልቻለም። ብፈርም እምቢ፣ ብደግም እምቢ። ልጁ በፍጹም ትሕትና «እስቲ እፍ እፍ ይበሉባት፣ ትንሽ ትሙቅ» አለኝ። እፍ አልኩባት። ደረጃው ላይ ሳቅ ተሰማ። ብርድ ልብስ በቀበቶ ታጥቄ፣ የራሴን ጥፋተኝነት ለመፈረም የራሴን ጣት በትንፋሼ ሳሞቅ ያየኝ ጎረቤት ከእንግዲህ በምን ዓይን እንደሚያየኝ እንጃ። መጨረሻ ላይ ታብሌቱ አንድ ጥያቄ ጨመረ፦ «አገልግሎታችንን ከ1 እስከ 5 በስንት ይመዝኑታል?»

አሁን ነገሩን ከሥሩ እንየው። ውሃ በረዶ ሆኖ ሲረጋ መጠኑ 9 በመቶ ያህል ይጨምራል። ቧንቧ ግን ብዙውን ጊዜ የሚፈነዳው በረዶው በያዘበት ቦታ አይደለም። በረዶው መንገዱን ይደፍናል፤ በእሱና በተዘጋው መክፈቻ መካከል የታፈነው ውሃ ግፊቱ እየበረታ ሄዶ የደከመውን ቦታ ይበጥሳል። ማንጠባጠብ የሚጠቅመው ለዚህ ነው፤ ግፊቱ መተንፈሻ ያገኛል። ስለዚህ ምክርዎ ትክክል ነው፣ እመሰክራለሁ። ችግሩ የፈነዳው መስመር በእኔ ሲንክ በኩል አያልፍም። ማሞቂያው ከተዘጋ የከረመ ኮሪደር ኮርኒስ ውስጥ፣ አንዲት ስፖንጅ እንኳ ሳይለብስ፣ ወደ ላይኛው ፎቅ የሚወጣ መስመር ነው። እኔ እስከ ፀደይ ባንጠባጥብ እሱ ምንም አይተነፍስም። አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ ማለት ይኸው ነው።

ደግሞ ያ ንፋሱን ከአየሩ ሙቀት ጋር አስልተው «የሚሰማዎት ቅዝቃዜ» የሚሉት ቁጥርዎ! ከሁሉም በላይ በደማቁ የሚጽፉት እሱን ነው። የዚህ ስሌት ጀማሪዎች ፖል ሳይፕልና ቻርልስ ፓሰል አንታርክቲካ ላይ ውሃ በፕላስቲክ ዕቃ ሰቅለው በስንት ጊዜ እንደሚረጋ ለኩ፤ ውጤታቸውን እ.ኤ.አ. በ1945 አሳተሙ። እ.ኤ.አ. በ2001 አሜሪካና ካናዳ በአዲስ ቀመር ሲተኩት ደግሞ ፈቃደኛ ሰዎችን በቀዝቃዛ የንፋስ መተላለፊያ ውስጥ አስኪደው የፊታቸውን ቆዳ ነው የለኩት። ቁጥሩ የፊት ነው፤ የሚያስጠነቅቀውም የተጋለጠ ቆዳ ቶሎ እንደሚጎዳ ነው። ቧንቧ ፊት የለውም። ንፋስ ቶሎ ያቀዘቅዘው እንደሆነ እንጂ ከአየሩ ሙቀት በታች አያወርደውም። እርስዎ ግን ውሃ ቧንቧን በፊት ቆዳ ቁጥር ያስፈራሩታል፣ ለቧንቧው የሚያስፈልገውን እውነተኛ የቴርሞሜትር ቁጥር ከታች በትንንሽ ፊደል ይደብቃሉ።

ከባለሙያዎቹ ጋር ጠብ የለኝም፣ አይሳሳቱ። ከምድር ከ15 እስከ 50 ኪሎ ሜትር ከፍታ ላይ፣ በዋልታው ዙሪያ በክረምት የሚሽከረከር የንፋስ ቀለበት አለ፤ የዋልታ አዙሪት ይሉታል። አንዳንዴ እዚያ ላይ ያለው አየር በቀናት ውስጥ በአሥሮች የሚቆጠር ዲግሪ ይሞቅና ቀለበቱ ይዳከማል ወይም ይሰነጠቃል። ይህን መጀመሪያ ያስተዋለው ሪቻርድ ሸርሃግ የተባለ ሰው ነው፤ በርሊን ላይ፣ እ.ኤ.አ. በ1952። ከዚያ በኋላ ባሉት ሳምንታት የዋልታ ብርድ ወደ ታች የመውረድ ዕድሉ ከፍ ይላል። ከፍ ይላል እንጂ የግድ አይወርድም፤ ባለሙያዎቹም እንዲሁ ብለው ነው የሚናገሩት። የአውሮፓ የመካከለኛ ጊዜ ትንበያ ማዕከል መነሻውን በጥቂቱ እየለዋወጠ አንዱን ትንበያ 51 ጊዜ ያስኬዳል። ብዙዎቹ ከተስማሙ በድፍረት ይናገራሉ፣ ከተለያዩ መለያየታቸውን ይናገራሉ። ጨዋነት ይኼ ነው።

እርስዎስ? ባለፈው ዓመት «ታሪካዊ ብርድ» ብለው ሲያሯሩጡን ከረሙ፤ ጃኬት አውልቀን ሄድን። ባሉት ቀን አልመጣም፣ በመጣ ቀን አላሉም። በየዓመቱ ፌብሩዋሪ 2 ፔንስልቬንያ ውስጥ ከጉድጓድ እየወጣ ክረምቱ ይረዝም እንደሆነ የሚናገር አንድ የአይጥ ዘመድ አለ። እ.ኤ.አ. ከ1887 ጀምሮ ሲሳሳት ኖሯል፤ ግን እሱ ቢያንስ ቅጽ አያስሞላም።

የጥሪ ማዕከላችሁን ሙዚቃ አላነሳም። ሁላችንም በቃላችን ይዘነዋል።

ብሪታንያ ውስጥ ለችግረኛ ቤተሰብ የብርድ ድጎማ የሚባል አለ፦ የሰባት ተከታታይ ቀናት አማካይ ሙቀት ዜሮ ወይም ከዚያ በታች ከሆነ 25 ፓውንድ። ስድስት ቀን በርዶ ሰባተኛው ቀን አማካዩን ከዜሮ በላይ ካወጣው እንግዲህ እንዳልበረደ ይቆጠራል። ይህን የማነሳው ሐሳብ ልሰጥዎ አይደለም። እባክዎ እንዳይቀዱት።

አሁን ወደማልስቅበት ነገር ልምጣ።

ከእኔ በላይ ባለው ፎቅ አንዲት አሮጊት ብቻቸውን ይኖራሉ። ያ የፈነዳው መስመር ወደ እሳቸው ቤት የሚሄደው ነው። ጣቴ ተፈርሞላት ካበቃች በኋላ እንደምን አደሩ ልል ወጣሁ። በሩን የከፈቱልኝ ቆይተው ነው። የጋዝ ምድጃው አራቱም ዐይን ይነዳል፤ የመጋገሪያው በር ተከፍቷል፤ የመስኮቱ ስንጥቅ ሁሉ በአሮጌ ልብስ ተወትፏል። «አይዞህ ልጄ፣ እኔ ተዘጋጅቻለሁ» አሉኝ። «ራሴን ብቻ ትንሽ አሞኛል።» ምድጃውን አጠፋሁ፣ መስኮቱን ከፈትኩ። «ሙቀቱን አስወጣህብኝ!» ብለው ተቆጡኝ። ደግፌ ወደ ደረጃው እስካወጣቸው ድረስ ቁጣቸው አልበረደም።

የሚነድ ነገር በተዘጋ ቤት ውስጥ የሚያወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ ቀለም የለውም፣ ሽታ የለውም። ራስ ምታት ጋዙ ሰው ከገደለ በኋላ ሳይሆን በፊት የሚልከው መልእክተኛ ነው፤ እሱ እንኳ ካንተ ቀድሞ ደርሶላቸዋል። ሞባይል የላቸውም። አስተዳደሩ የመዘገበው የቤት ስልካቸውን ነው፤ አንተ ደግሞ የጽሑፍ መልእክት ሆነህ ወደ ቤት ስልክ ተላክህ። መዝገብህ ላይ ግን «ደርሷል» ተብሎ ተጽፎልሃል። ቢደርሳቸውስ ኖሮ? «ሞቅ ያለ ልብስ ይልበሱ» ለማለት ቦታ የተረፈህ፣ «ምድጃ ለቤት ማሞቂያ አያብሩ» ለማለት ፊደል አነሰህ? ማሞቂያ እኮ ነው የጠፋው! የማሞቂያው ክፍል ቁልፍ በእነማን እጅ እንደሆነ አንተ አታውቅም? ተዘጋጁ የምትለን እኛን ነው። ተዘጋጅተናል! ከእኛ ወዲያ ያለው ነው ያልተዘጋጀው።

እ.ኤ.አ. በፌብሩዋሪ 2021 ቴክሳስ ላይ የሆነውን ሁሉም ሰው ያውቀዋል። ብርዱ እንደሚመጣ ከቀናት በፊት ተነግሯል። ከአሥር ዓመት በፊት፣ በ2011 ብርድ ማግስት፣ የፌዴራል ተቆጣጣሪዎች መርምረው የኃይል ማመንጫዎቹና የጋዝ መስመሮቹ ለብርድ ይዘጋጁ ብለው ጽፈው ነበር። ምክር ነበርና ምክር ሆኖ ቀረ። ከ4 ሚሊዮን በላይ ቤቶችና ድርጅቶች መብራት ጠፋባቸው፤ ግዛቲቱ ራሷ የቆጠረችው ሟች 246 ነው። ብዙዎቹ በብርድ፤ ጥቂቶቹም እንደ ጎረቤቴ ሊሞቁ ባነደዱት ነገር ጭስ። ትንበያው አልተሳሳተም። ሰዎቹም አልሰነፉም። ማሽኖቹን ማልበስ ገንዘብ ያስወጣ ነበር፣ «ይዘጋጁ» ማለት ግን ምንም አያስወጣም። አንተ የተፈጠርከው ለዚህ ነው፤ ርካሽ ስለሆንክ።

ወደ ጉዳያችን እንመለስ፣ ክቡር ሆይ።

የጉዳት ማመልከቻዬን በ48 ሰዓት ውስጥ እንድልክ በታዘዝኩት መሠረት ልኬያለሁ። «ተጨማሪ አስተያየት» የሚለው ሳጥን ከአንድ አጭር ዓረፍተ ነገር በላይ ስለማይቀበል የቀረው ከላይ ያነበቡት ነው። ለሚቀጥለው ብርድ የምለምንዎ ብዙ አይደለም። ባለሙያዎቹ ሲናገሩ ይናገሩ፣ ሌሊት ለዘጠኝ ሰዓት ሩብ ጉዳይ ድረስ ምን ያስቆይዎታል? ከእኔ በፊት ለኮርኒሱ ይላኩለት፤ እኔ ካልሲ አለኝ፣ እሱ የለውም። የቤት ስልክ ላላቸው ሰው በእግሩ ወጥቶ በር ያንኳኳ፤ ያ ትሑት ልጅ ታብሌቱን አስቀምጦ ቢሄድ በደስታ እንደሚሄድ እርግጠኛ ነኝ። ስለ ምድጃውም አንዲት መስመር ያስገቡ። ቦታ ከጠበበዎ «ሞቅ ያለ ልብስ» የሚለውን ያውጡት፤ ያችን እናታችን ነግራናለች።

ለአገልግሎቱ የሰጠሁት ነጥብ 5 ነው። 1 ስነካ ቅጹ «ምክንያትዎን በዝርዝር ያስረዱ» ብሎ አዲስ ገጽ ስለከፈተብኝ።

ከአክብሮት ጋር፣
የደረሰኝ ተከራይ

ግልባጭ፦
ለኮሪደሩ ኮርኒስ (የቀረው ክፍል)
ለማሞቂያ ክፍሉ ቁልፍ ያዥ (ማን እንደሆኑ የሚያውቅ ካለ ያድርስልን)