የተራራ ሰው ተረትና ደንብ

በስዊዘርላንድ በርን ካንቶን (ካንቶን እንደ ክልል ነው) ብሉምሊስአልፕ የሚባል ዓመቱን ሙሉ በረዶ የለበሰ ተራራ አለ። ድሮ ድሮ ለምለም ግጦሽ ነበር ይላሉ የአካባቢው ሰዎች። ላሞቹ ታልበው አያልቁም። አንድ እረኛ ጥጋብ ናላው ላይ ወጣና ለወዳጁ መርገጫ ብሎ ደረጃ በአይብ ሠራላት። እናቱ ርቧት ስትመጣ ግን የማይበላ ነገር ሰጥቶ መለሳት። እሷም ረገመችው። ተራራው ተናደ፣ በረዶ ወረደ፣ እረኛውም ላሞቹም እዚያው ተቀበሩ።

ይህን ተረት የሰማ አበሻ ብዙም አይደነቅም። ስለ እናት እርግማንና ስለ ጥጋብ መጨረሻ እኛም ስንት ሰምተን አድገናል። እዚህ አገር ስኖር ትኩረቴን የሳበው ሌላ ነገር ነው። ከተረቱ ጎን ደንብ አለ። በቫሌ ካንቶን ቶርበል የምትባል የተራራ መንደር በ1517 እ.ኤ.አ. አንድ ነገር ደንግጋለች። ማንም ሰው ክረምቱን ቀልቦ ከሚያሳልፋቸው ላሞች በላይ በበጋ ወደ ተራራው የጋራ ግጦሽ መስደድ አይችልም። ድርቆሽህ ለሦስት ላም ከበቃ፣ የምታወጣው ሦስት ነው። በቃ። ገንዘብ ያለው ሰው ከብት ከሌላ ቦታ ገዝቶ የመንደሩን ሣር እንዳይጨርሰው ነው ነገሩ። በ2009 እ.ኤ.አ. በኢኮኖሚክስ የኖቤል ሽልማት ያገኘችው ኤሊኖር ኦስትሮም ሰዎች የጋራ ሀብታቸውን ራሳቸው ማስተዳደር እንደሚችሉ ስታስረዳ ይቺን መንደር ምሳሌ አድርጋለች።

አሁን ወደ መንዝ እንምጣ። ጓሳ የሚባለው የጋራ የሣር መሬት ከባሕር ወለል ከ3,200 ሜትር በላይ ነው፤ ብርዱ አጥንት ይሰብራል። ስሙን የሰጠው ሣር ቤት ይከደንበታል፣ ገመድ ይገመድበታል። ከ17ኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ የአስቦና የጌራ ዘር ነን የሚሉ ሰዎች አለቃ እየመረጡ ሲጠብቁት ኖረዋል። ሣሩ ሦስት ዓመት፣ አንዳንዴም እስከ አምስት ዓመት ይዘጋል። እስኪከፈት ማንም ማጭድ ይዞ አይገባም። ጭላዳና ቀይ ቀበሮ ዛሬም እዚያ የሚታዩት ያ ሣር ስላልተጨረሰ ነው።

በ1967 ዓ.ም. የመሬት አዋጁ ሲመጣ የዘር ርስት ቀረ። የጓሳም ደንብ አብሮ ፈረሰ። ኋላ ላይ ሕዝቡ ራሱ ተሰባስቦ ጥበቃውን በአዲስ መልክ አቆመው። ይህን ሳስብ ደስ ይለኛል፣ እበሽቃለሁም። ምክንያቱም እኛ ከተማ የኖርን ሰዎች ገበሬውን ስንት ጊዜ «ኋላ ቀር» ብለናል! የቶርበል ገበሬ ያሰበውን የመንዝ ገበሬም አስቧል። ልዩነቱ የዚያኛው በጊዜው መጻፉ ነው።

ጅራፍም ያገናኘናል። በሽቪትስ ካንቶን በጥምቀታቸው ሰሞን፣ በጃንዋሪ መጀመሪያ፣ ወንዶች አደባባይ ወጥተው ጅራፍ ያጮሃሉ። እኛ ደግሞ ቡሄን እናውቃለን። ልጆቹ ነሐሴ 13 ሳይደርስ ገና ጅራፋቸውን መግመድ ይጀምራሉ። መያዣው ጋ ወፈር፣ ወደ ጫፉ እየቀጠነ ይሄዳል። ከራስ በላይ አዙረው ድንገት ወደ ኋላ ሲመልሱት ጫፉ ይጮሃል፤ ገደሉም ይመልሰዋል። ካህናቱ ድምፁን በደብረ ታቦር ከተሰማው የአብ ድምፅ ጋር ያያይዙታል። ገበሬው ደግሞ «ቡሄ ካለ የለም ክረምት» ይላል። ሁለቱም በአንድ ጅራፍ ይሰማሉ።

እዚህ ላሞች በበጋ ወደ ተራራ የሚወጡበት ወግ በ2023 እ.ኤ.አ. በዩኔስኮ ተመዝግቧል። መንግሥት ከብት ወደ ተራራ ለሚያወጣ ገበሬ ይከፍላል። ተረቱ በእግረኛ መንገድ ዳር ሰሌዳ ላይ ተጽፎ ታነቡታላችሁ። ይህን ሁሉ እቀናበታለሁ። ግን ሰሌዳው አጠገብ ቁጭ ብሎ የሚተርት አያት አላጋጠመኝም። በበጋ ከብቱን ከሚጠብቁትም ጥቂት የማይባሉት ከሌላ አገር ለሥራ የሚመጡ ናቸው። እኛ ጋ «ተረት ተረት» ሲባል «የላም በረት» የሚል ልጅ ዛሬም እሳት ዳር አለ።

የሚያሳስበኝ ቆርቆሮው ነው። ቆርቆሮ መጥፎ ነው ማለቴ አይደለም። ዝናብ የሚያንጠባጥብበት ቤት ውስጥ ያደገ ሰው ይህን አይልም፤ ከውጭ ገንዘብ ልከን የወላጆቻችንን ቤት በቆርቆሮ ያስከደንን ብዙ ነን። ግን ቤቱ ሣር ካልፈለገ፣ ሣሩን ለዓመታት ዘግቶ የመጠበቁ ምክንያት ይሳሳል። ሣሩ ሲከፈት አብሮ የሚወጣው ሰው፣ እዚያ የሚነገረው የማን አያት ምን አደረገ የሚለው ወሬም አብሮ ይሳሳል። ተረት የሚጠፋው ልጆች ስልክ ላይ ስለተጣዱ ብቻ ነው የሚለው ክርክር ለእኔ ግማሽ እውነት ነው።

ስለዚህ ዘንድሮ ለቡሄ አገር ቤት የምትገቡ፣ የጅራፉን ቪዲዮ ቅረጹ፤ ደስ ይላል። ከዚያ ግን ከሽማግሌዎቹ ጋር ቁጭ በሉ። ሣሩ መቼ ይከፈት ነበር? ማን ያስከፍት ነበር? ሰርቆ ያጨደ ሰው ምን ይደረግ ነበር? የተናገሩትን እንዳለ ቅዱና አንዱን ቅጂ ለቀበሌው ትምህርት ቤት ስጡ።